ለሌላ ቤተሰብ እናት መሆን፦ የጡት እናትነት፣ አሳዳጊነትና የዘረመል ምርመራ በአውበሬና በጅግጅጋ አካባቢ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ዘመናችን ካነሣቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ «እናት ማን ናት?» የሚለው ነው። አንዲት ሴት የሌሎች ባልና ሚስት ጽንስ በማሕፀኗ ተሸክማ፣ አምጣ ወልዳ ብታስረክብ፣ የልጁ እናት ማን ትባላለች? ይህ አሠራር ምትክ እናትነት ይባላል፤ በተለምዶም ማሕፀን ማከራየት ይሉታል። ከአካል ውጭ በተደረገ ፅንሰት የመጀመሪያዋ ሕፃን እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 ነው። አንዲት ሴት ከራሷ እንቁላል ያልተገኘ ጽንስ ለሌላ ቤተሰብ ተሸክማ የወለደችው ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ነው። ነገሩ እንዲህ የቅርብ ጊዜ በመሆኑ ብዙዎቻችን የሐኪምና የሕግ ባለሙያ ጉዳይ አድርገን እንተወዋለን።

የታሪክ ተማሪ ግን ሌላ ነገር ያያል። ዘዴው አዲስ ቢሆንም አንዲት ሴት አካሏን፣ ወተቷንና ዕድሜዋን ለሌላ ቤት ልጅ መስጠቷ እጅግ ጥንታዊ ነው። ማኅበረሰቦችም ይህች ሴት ለልጁ ምኑ እንደሆነች፣ ልጁ ለእርሷ ምን ዕዳ እንዳለበት በየራሳቸው መንገድ ደንግገዋል። ዛሬ ይህን ታሪክ ከአንድ አካባቢ ተነሥቼ ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ ከምትገኘው ከአውበሬ። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በዚህ አካባቢ የኖሩ ሕዝቦች እናትነትን ለብዙ ሴቶች ማካፈል ያውቁ ነበር፤ ሲያካፍሉም ለሰጪዋ ሴት ስም፣ ደንብና ዘላቂ ዝምድና ይተዉላት ነበር። በእኛ ዘመን በስደተኞች ጉዳይ ላይ የመጣው የዘረመል ምርመራ ግን ከእነዚህ እናቶች አንዷን ብቻ ያውቃል። ስለ ምትክ እናትነት ሕግ ልናወጣ ስንነሣ ይህ ልዩነት ሊያሳስበን ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። አውበሬ ስሟን ያገኘችው መቃብራቸው በዚያው ከሚጎበኘው ከሼኩ ከአው በሬ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ተፈሪ በር» ትባል ነበር። ሁለቱ ስሞች የቦታዋን ታሪክ ይነግሩናል፤ በአንድ በኩል የእስልምና ትምህርትና የዚያራ ሥፍራ፣ በሌላ በኩል የመንግሥት ድንበር በር። በዙሪያዋ በብዛት የሚኖሩት የገደቡርሲ ጎሳ ሶማሌዎች ናቸው፤ ወደ ጅግጅጋና ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሌሎች የሶማሌ ጎሳዎችና የጃርሶ ኦሮሞዎች ይገኛሉ። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከደጋው የመጡ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በጅግጅጋ ሰፈሩ። ስለዚህ ስለ ልጅ ማሳደግ የተለያየ ሕግ ያላቸው ሦስት ባህሎች በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር።

የሶማሌውን ሥርዓት እንመልከት። ማንነት የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው። ልጅ ገና በሕፃንነቱ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እየተከታተለ እስከ ጎሳው አባት ድረስ ይማራል፤ ይህ ቆጠራ «አብቲርሲ» ይባላል። የደም ካሣ የሚከፍለውና የሚቀበለው፣ በግጭት ጊዜ የሚቆምለት ሁሉ በዚህ ቆጠራ ይታወቃል። ነገር ግን በአባት በሚቆጠረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ እናት ቦታ አልጠፋትም። ብዙ ሚስቶች ባሉበት ቤት የአንድ እናት ልጆች «ባህ» ተብለው ለብቻቸው ይቆጠራሉ። እንደ ሀበር አወል ያሉ የታላላቅ ጎሳዎች ስሞችም «ሀበር»፣ ማለትም እናት፣ በሚለው ቃል ይጀምራሉ። የእናት እህት ደግሞ «ሀበርያር» ትባላለች፤ ቃል በቃል ትንሿ እናት ማለት ነው። አማርኛም አክስትን «ትንሿ እናቴ» ሲል የሚሰማበት ቤት አለ፤ ሶማሊኛ ግን ይህን የዝምድናው መደበኛ ስም አድርጎታል።

ይህ ስም ባዶ አክብሮት አልነበረም። ሚስት ልጆች ትታ ስትሞት እህቷ ለባልየው የምትዳርበት «ሒግሲሳን» የሚባል ልማድ ነበር። ባል ሲሞት ደግሞ ሚስቱን የሟቹ ወንድም የሚያገባበት «ዱማል» ነበር። የሁለቱም ዓላማ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የተመሠረተው ትስስር እንዳይበጠስና ልጆቹ በባዕድ እጅ እንዳይወድቁ ነው። በሒግሲሳን የመጣችው ሴት የእህቷን ልጆች እናት ሆና ትረከባለች፤ ሀበርያር የነበረችው እናት ትሆናለች። ማንም ግን የሞተችው እናት እንዳልነበረች አያስመስልም። የልጆቹ ባህ የሚጠራው በወለደቻቸው ነው።

ከዚህ ልማድ ጋር የእስልምና ሕግ ተጣምሯል። ሶማሌዎች በአብዛኛው የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች ናቸው። እስልምና የሌላን ሰው ልጅ በስም የራስ ማድረግን አይፈቅድም፤ ቁርኣን በአል አሕዛብ ምዕራፍ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል። የሙት ልጅን ማሳደግ ግን ከታላላቅ በጎ ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አሳዳጊው ልጁን ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስተምራል፣ ይድራል፤ የአባቱን ስም ግን አይነካም። ይህ አሠራር በአረብኛ «ከፋላ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 ከአማራጭ የእንክብካቤ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ በስም ጠርቶታል።

ልጁ የአሳዳጊውን ስም ካልወሰደ በአሳደገችው ሴትና በእርሱ መካከል ያለው ምንድን ነው? እዚህ ላይ የጡት ዝምድና ይመጣል። በአን ኒሳእ ምዕራፍ ጋብቻ ከተከለከለባቸው ሴቶች መካከል ያጠቡ እናቶችና የጡት እህቶች ተቆጥረዋል። በሻፊዒይ ሊቃውንት አቋም ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ፣ ያጠባችው ሴት እናቱ ትሆናለች። ልጆቿ ወንድሞቹና እህቶቹ ይሆናሉ፤ ወተቱ በእርሱ ምክንያት የመጣ በመሆኑ ባሏም የጡት አባት ይሆናል። ከእነርሱ ጋር ማግባት ለዘለዓለም የተከለከለ ነው። ልጁ ሲያድግ እንደ ቅርብ ዘመድ ከእነርሱ ጋር መቀመጥ፣ ሴቶቹን በጉዞ ማጀብ ይችላል። ውርስ ግን የለውም፤ አብቲርሲውም አይለወጥም።

ይህ ሕግ ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ልብ እንበል። ከሴቲቱ አካል የወጣ ነገር የልጁን አካል ሠርቷልና ዝምድናው በገንዘብ ወይም በስምምነት አይሰረዝም። ለማጥባት ዋጋ መክፈል የተፈቀደ ነው፤ ዋጋው መከፈሉ ግን እናትነቱን አያስቀረውም። አጥቢዋ ደመወዟን ተቀብላ ብትሄድም የጡት እናት ናት። በሌላ በኩል ልጁ ከአባቱ ቤት አይነጠልም። የወለደችው አንድ፣ ያጠባችው ሌላ፣ ያሳደገችው ምናልባት ሦስተኛ ልትሆን ትችላለች፤ ሦስቱም በየራሳቸው ስም ይታወቃሉ።

ምሳሌው ከእስልምና ታሪክ መነሻ የተገኘ ነው። ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) ያጠባቻቸው ሐሊማ ከገጠር የመጣች አጥቢ ነበረች። እናታቸው አሚና ከሞተች በኋላ በሞግዚትነት ያሳደገቻቸው ደግሞ በረካ፣ በቅጽል ስሟ ኡሙ አይመን፣ የሐበሻ ተወላጅ መሆኗ ይተረካል፤ ከእናታቸው ቀጥሎ እንደ እናት ይቆጥሯት እንደነበርም ትውፊቱ ይናገራል። ወላጅ፣ አጥቢና አሳዳጊ በአንድ ሕይወት ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ስማቸው ተጠብቆ ለእኛ ደርሷል።

የጡት ዝምድና መዝገብ የሚቀመጠው በሴቶች ትዝታ ውስጥ ነው። የሻፊዒይ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ የአራት ሴቶችን ምስክርነት ያለ ወንድ ምስክር ይቀበላሉ፤ ማጥባትን የሚያዩት ሴቶች ናቸውና። ከጋብቻ በፊት «እነዚህ ልጆች አንድ ጡት ጠብተዋልን?» ተብሎ የሚጠየቁትም ሴቶቹ ናቸው። በጽሑፍ ሰነድ ብቻ የምንሠራ የታሪክ ሰዎች ይህን ትልቅ መዝገብ ሳንከፍተው ኖረናል።

አሁን ከሶማሌው ቤት ወደ ጎረቤቶቹ እንሻገር። የኦሮሞ ጉዲፈቻ ከዚህ በአንድ ዋና ነገር ይለያል፤ ልጁ ሙሉ በሙሉ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፣ በአሳዳጊው ዘር ይቆጠራል፣ ይወርሳል። ሥርዓቱ ስለተስፋፋ ቃሉ ራሱ ወደ አማርኛ ገብቶ የሕግ ቃል ሆነ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የአሁኑ የቤተሰብ ሕግ «ጉዲፈቻ» የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በጃርሶ መንደርና በገደቡርሲ መንደር ሁለት የሙት ልጆች በአንድ ዓመት ቢነሡ፣ የአንዱ የዘር ቆጠራ ይለወጣል፣ የሌላው ግን አይለወጥም። ሁለቱም ግን እናት ያገኛሉ።

በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ደግሞ «የጡት ልጅ» የሚባል ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች እንደመዘገቡት፣ አንድ ሰው የኃያል ሰው ጥበቃ ሲፈልግ በማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት በምሳሌነት ይጠባ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠቢው የጡት ልጅ፣ ጠባቂው የጡት አባት ይባላሉ። ሰዎቹ አዋቂዎች፣ ወተቱም ማር ነው፤ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሚቆመው አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ ነው፦ የመገበ ሰው ከተመገበው ጋር ይዛመዳል። ክርስትና እናትነትና አበልጅነትም ያለ ደም የሚፈጠር፣ ጋብቻን እስከመከልከል የሚደርስ ዝምድና መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለ ተፈሪ በር ስናነሣ አንድ ሰው ማስታወሳችን አይቀርም። ተፈሪ መኮንን በሐምሌ 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1886 ዓ.ም. ዐረፉ። አባታቸው ራስ መኮንን ሕፃኑን በእህታቸው ልጅ በደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ቤት እንዲያድግ አደረጉ፤ ከዚያ ቤት ልጅ ከእምሩ ጋርም እንደ ወንድማማች አደጉ። ይህ ትስስር እስከ እርጅናቸው ዘለቀ፤ በፖለቲካ ታሪካችን ውስጥም የራሱ ድርሻ ነበረው። በመጻሕፍት ውስጥ ግን ትኩረቱ ሁሉ በአባቶቹ ላይ ነው፤ ሕፃኑን አቅፈው ያሳደጉት ሴቶች ታሪክ በአንድና በሁለት መስመር ያልፋል።

እስካሁን የተናገርሁትን ሰምቶ ያለፈውን ዘመን እንደ ገነት የሚያይ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። ሴቲቱ ለሌላ ቤት አካሏን ስትሰጥ ሁልጊዜ በፈቃዷ አልነበረም። ኡሙ አይመን ባሪያ ነበረች፤ ነጻ የወጣችው በኋላ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ሣራ መካን በመሆኗ ለባሏ የሰጠቻት አጋር ግብፃዊት ገረድ ነበረች፤ ልጅ ከወለደች በኋላ ከልጇ ጋር ወደ ምድረ በዳ ተባረረች። በአገራችንም ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በመሳፍንትና በሀብታሞች ቤት ልጆችን ያጠቡና ያዘሉ ስንት ሴቶች እምቢ ማለት ይችሉ ነበር? በሒግሲሳን የምትዳረው እህትም ቤተሰቦች ከተስማሙ በኋላ «አልፈልግም» የማለት አቅሟ የጠበበ ነበር። በማደጎ ስም የሰው ልጅ ወስዶ በሎሌነት ማሠራትም የታወቀ በደል ነው። ስለዚህ ከድሮው ሥርዓት የምንወስደው ሁሉንም ሳይሆን አንድ ነገር ነው፦ የሰጪዋን እናትነት በሕግ ማወቁን።

ይህ እውቅና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከባድ ፈተና ገጠመው። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ሶማሌዎች «ዳበዴር»፣ ረጅም ጭራ፣ ብለው የሚያስታውሱት ድርቅ መንጋውን ጨረሰ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ በየካቲት ተመልሳ በኢትዮጵያ እጅ ገባች። በሁለቱ መካከል ሕዝቡ ወዲያና ወዲህ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ሲደበድብ ስደቱ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ ሐርትሼክ በዓለም ከታላላቆቹ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆነ። የሶማሊያ መንግሥት በ1991 ሲፈርስ ቀብሪበያህ ተከፈተ፤ በተፈሪ በርና በደርወናጅም መጠለያዎች ነበሩ። ከሰሜን የመጡት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ደግሞ በሞቃዲሾና በደቡብ ሶማሊያ አዲስ ጦርነት ተነሣ። በ2007 የአውበሬ መጠለያ፣ በ2008 የሸደር መጠለያ ተከፈቱ።

በእያንዳንዱ ስደት ልጆች ከወላጆቻቸው ይለያያሉ። አንዲት ሴት የሞተች እህቷን ልጆች ይዛ ትነሣለች፤ ጎረቤቷ በመንገድ ስትሞት ሕፃኑን ታዝላለች፤ ጡት ካላት ታጠባዋለች። መጠለያ ስትደርስ መዝጋቢው «ስንት ልጅ አለሽ?» ይላታል። ያላትን ሁሉ ትቆጥራለች። በእርሷ ሥርዓት ይህ መልስ እውነት ነው፤ ሀበርያር እናት ናት፣ ያጠባች እናት ናት። በመዝገቡ ላይ ግን «ልጅ» የሚለው ዐምድ አንድ ብቻ ነው፤ ወለድሽው ወይስ አጠባሽው ብሎ አይለይም።

የመዝገቡ ቋንቋና የቤቱ ቋንቋ በግልጽ የተጋጩት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የአሜሪካ መንግሥት በውጭ የሚኖሩ ስደተኞች ቤተሰቦቻቸውን የሚያስመጡበትን መርሐ ግብር መጭበርበር አለበት በሚል ጥርጣሬ በዘረመል ምርመራ ለመፈተን ወሰነ። ሙከራው በናይሮቢ 500 ያህል አመልካቾች ላይ ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ዩጋንዳና ወደ ምዕራብ አፍሪካ አገሮች ተስፋፋ። በጠቅላላው 3,000 ያህል ሰዎች ተመረመሩ፤ አብዛኞቹ የሶማሊያ፣ የኢትዮጵያና የላይቤሪያ ተወላጆች ነበሩ። በውጤቱ በአመልካቾቹ የተነገረው የሥጋ ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ በታች በሆኑ ጉዳዮች ብቻ መሆኑ ተገለጸ። እምቢ ብለው ያልተመረመሩም ከዚህ ስሌት ካልተረጋገጡት ጋር ተቆጥረዋል። መርሐ ግብሩ ታገደ፤ እንደገና የተከፈተው በ2012 ሲሆን፣ የወላጅና የልጅ ዝምድና በዘረመል እንዲረጋገጥ ግዴታ ሆነ።

ከእነዚህ ጉዳዮች ውስጥ ማታለል አልነበረም ብዬ አልከራከርም። የጉዞ ዕድል በሚሸጥበት ዓለም የቤተሰብ ስምም ይሸጣል፤ ያላሳደጉትን ልጅ ልጄ ያሉ ሰዎች መኖራቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን የዘረመል ምርመራ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ልጅ የሸጠውን አታላይና በመንገድ ያገኘችውን ሕፃን አሥር ዓመት ያሳደገችውን ሴት በአንድ ቃል «አልተረጋገጠም» ይላቸዋል። የሁለቱን ልዩነት የሚያሳየው ምስክርነት፣ በተለይም የሴቶቹ ምስክርነት፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ክብደት አልነበረውም። የሻፊዒይ ዳኛ አራት ሴቶችን ጠርቶ ይጠይቅ የነበረውን፣ የእኛ ዘመን መሥሪያ ቤት በምራቅ ናሙና ተክቶታል።

ይህ ከምትክ እናትነት ጋር ምን አገናኘው? የዘረመል ምርመራው መርሕ ወደ ማሕፀን ጉዳይ ሲዛወር ውጤቱ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ዝምድና በዘረመል ብቻ ከተወሰነ፣ የሌላን ጽንስ ዘጠኝ ወር ተሸክማ በደሟ የመገበች ሴት ምንም አይደለችም ማለት ነው፤ ውሏን ፈጽማ የምትሄድ ሠራተኛ ብቻ ትሆናለች። በአውበሬ የወተት ሕግ ዓይን ስናየው ግን አምስት ጊዜ ያጠባች ሴት እናት ከተባለች፣ ከጽንሰት እስከ መውለድ የመገበችው እንዴት ባዕድ ትባላለች?

ይህን ጥያቄ የሙስሊም ሊቃውንት በቁም ነገር ተከራክረውበታል። በመካ የሚገኘው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1984 የአንዲት ሚስት ጽንስ በዚያው ባል ሁለተኛ ሚስት ማሕፀን እንዲያድግ ፈቅዶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለተኛዋ ሚስት በራሷ ልትፀንስና የልጆቹ እናትነት ሊደባለቅ ይችላል በሚል ፈቃዱን አነሣ። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም በ1986 በአማን ባደረገው ጉባኤ ማናቸውንም ምትክ እናትነት ከለከለ። በኢራን ያሉ በርካታ የሺዓ ሊቃውንት በተቃራኒው ፈቅደውታል። በክርክሩ ውስጥ ተሸካሚዋን ሴት ቢያንስ እንደ ጡት እናት የመቁጠር ሐሳብ ደጋግሞ ተነሥቷል።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 1988 በታወቀው የ«ሕፃን ኤም» ጉዳይ የተከፈለበትን የምትክ እናትነት ውል ውድቅ አድርጓል፤ ልጅቷ ከአባቷ ጋር እንድታድግ ቢወሰንም የወለደቻት ሴት እናትነቷና ልጇን የመጎብኘት መብቷ ታውቆላታል። ለዓመታት የዓለም ገበያ የነበረችው ሕንድም በ2021 ባወጣችው ሕግ ለገንዘብ የሚደረገውን ከልክላለች።

የእኛ ሕግ ምን ይላል? በፍትሐ ብሔር ሕጉም ሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ መርሕ ለሌላ ቤተሰብ ብላ ያረገዘች ሴት፣ ልጁ ከአካሏ የተወለደ እንደሆነ፣ በሕግ እናቱ እርሷ ናት። ጉዲፈቻን በሚመለከት ይኸው ሕግ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንዳይቋረጥ ይደነግጋል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ሰዎች የኢትዮጵያ ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ተደርጓል። ከዚህም ጋር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ስለሚፈቅድ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጡት ዝምድናን ያውቃሉ።

እነዚህ ድንጋጌዎች ሲረቀቁ ግን ከአካል ውጭ የሚደረግ ፅንሰት በአገራችን አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሥራ ሲጀምር ሁኔታው ተለወጠ። መካንነት በአገራችን ሴትን ከትዳሯ የሚያስወጣ ከባድ መከራ ነውና ሕክምናው መምጣቱ የሚያስደስት ነው። ቴክኒኩ ካለ ግን ጥያቄው ይከተላል፤ ገንዘብ ያላት ለሌላት የምታቀርበው ጥያቄ። ድርቅ ከብቷን የጨረሰባት፣ ወይም በመጠለያ ውስጥ በራሽን የምትኖር ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢቀርብላት እምቢ ማለት ምን ያህል ይቀላታል? የአጋርና የኡሙ አይመን ታሪክ የሚያስጠነቅቀን ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ለሕግ አውጪዎች ነው። ምትክ እናትነት ቢከለከልም ቢፈቀድም፣ የተሸከመችው ሴት ከልጁ ሕይወትና ከመዝገቡ እንድትጠፋ የሚያደርግ ሕግ በእነዚህ ሦስት ባህሎች ታሪክ ውስጥ መሠረት የለውም። የምስጢር ውል፣ ስሟ የማይጻፍ ወላጅ፣ ልጁ ሲያድግ የማያውቃት እናት፤ እነዚህ የሶማሌውን የአብቲርሲና የጡት ሕግ፣ የኦሮሞውን ጉዲፈቻ፣ የደጋውንም የዝምድና ሥርዓት የሚፃረሩ ናቸው። አንድ ልጅ የጡት እህቱን ሳያውቅ እንዳያገባ የሚጨነቅ ማኅበረሰብ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች ሳይተዋወቁ እንዲያድጉ ሊፈቅድ አይችልም።

ሁለተኛው ለእኛ ለተመራማሪዎችና ለተማሪዎች ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሲሆን፣ ስደተኞች የተካተቱት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ነው። ይህ ለአውበሬ፣ ለሸደርና ለቀብሪበያህ ሕፃናት ትልቅ እርምጃ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ግን የጡት እናትን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ይህ እውቀት አሁንም ያለው በአረጋውያን ሴቶች ዘንድ ነው። በ1970፣ በ1980 እና በ1983 ዓ.ም. ስደት ማን የማንን ልጅ እንዳዘለ፣ ማን ማንን እንዳጠባ የሚያውቁ እናቶች ዛሬም በአውበሬ፣ በደርወናጅና በጅግጅጋ ሠፈሮች አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ያላችሁ የታሪክ፣ የሕግና የማኅበረሰብ ጤና ተማሪዎች በጋራ ልትሠሩት የምትችሉት፣ ቋንቋውን በሚያውቁ ሴት ተመራማሪዎች መመራት ያለበት፣ የባለታሪኮቹን ፈቃድና ምስጢር የሚጠብቅ ጥናት እዚህ አለ። ሥራው ለታሪክ ብቻ አይጠቅምም፤ ነገ አንዲት አሳዳጊ በአንድ መሥሪያ ቤት ፊት ቀርባ «ይህ ልጄ ነው» ስትል፣ ቃሏ በምን ዓይነት ሥርዓት ውስጥ እውነት እንደሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ በእጇ ሊኖር ይችላል።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄና ለውይይት እተዋለሁ፤ በተለይ ከአካባቢው የመጣችሁ የጎደለውን እንድትሞሉ፣ የማትስማሙበትንም እንድትናገሩ በአክብሮት እጋብዛለሁ።